መስዑድን ሰላም ያለችው ኮምፒውተር

ይህ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ሰው እዚሁ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ጨለማና ጅብ የምትጠብቁ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። በጠራራ ፀሐይ። አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ የሕዝብ ንባብ ቤት ውስጥ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት።

ስምንት ሰዓትን ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻው እንኳ ግንብ ሥር ተጋድሞ ለመጮህ ይሰንፋል። በዚያ ሰዓት ከኋላችሁ ሰው የጠራችሁ መስሏችሁ ብትዞሩ የምታዩት ባዶ መንገድ ነው።

ታሪኩን የነገረችኝ የንባብ ቤቱ ኃላፊ የነበረችው ሳህሊቱ ናት። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እጇን ብቻ በነጠላዋ ደጋግማ ትጠርግ ነበር።

አውቃለሁ... «በዚያ ዘመን? አሰበ ተፈሪ? ኮምፒውተር?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ኮምፒውተር።

የአፈር ጥበቃ ሥራ የሚሠሩ ፈረንጆች ነበሩ። ፕሮጀክታቸው ሲዘጋ ጠረጴዛና ወንበሩን ለየመሥሪያ ቤቱ አከፋፈሉ። አንዲት ኮምፒውተርና አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ደግሞ ሕዝብ ይጠቀምበት ብለው ለንባብ ቤቱ ሰጡ። ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግበት የጠየቀ የለም።

አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ያገራችን ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ለሳህሊቱ ማብራትና ማጥፋቱን አሳያት። ለሰው መለማመጃ ትሁን ብሎም በገዛ እጁ አንዲት ጨዋታ ሠራላት። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቋንቋው ግን አማርኛ።

ስትበራ መስታወቷ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣል።

«ስምህ ማን ነው?» ትላለች። አጸደ ብለህ ትጽፋለህ።

«ከየት መጣህ?» ትላለች። ገለምሶ ብለህ ትጽፋለህ እንበል።

«ሰላም አጸደ። ገለምሶ እንዴት ናት?»

የፈለግኸውን ብትመልስላት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትዘጋለች። በቃ። ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም። ሴቱንም ወንዱንም «ስምህ» ነው የምትለው። ሴቶቹ፣ ይቺ ደግሞ ሁላችንንም ወንድ አደረገችን እያሉ ይስቁባት ነበር።

የንባብ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ገብሬ ስምንት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን ያስነሳሉ። እስከ አሥር ሰዓት ሰው ተራ እየጠበቀ ይገባል። መጀመሪያ ተማሪዎች መጡ። ቆይቶ ደግሞ... እናቶች።

የእናቶቹን ነገር ያመጣችው ጠላ ሻጯ እቴነሽ ናት። ልጇ ብሩ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባታል። አንድ ቀን ገባችና የራሷን ስም ትታ የልጇን አስጻፈች። ኮምፒውተሯም እንደ ልማዷ «ሰላም ብሩ» አለች።

እቴነሽ ከወንበሩ ተነሳች። ለሞተ ሰው ሰላም ተብሎ አይታወቅም። ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር ነው የሚባለው። እንግዲያው ልጄ አለ፣ አለች።

ሳህሊቱ ማሽኑ የጻፉለትን መልሶ ከመጻፍ በቀር ምንም እንደማያውቅ ልታስረዳት ሞከረች። ማን ይሰማታል? እቴነሽ እልል እያለች ወጣች።

የሚገርመው... ብዙም ሳይቆይ ብሩ በክራንች እየተደገፈ መጣ። አንድ እግሩ ተጎድቶ አሰናብተውት ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸዋል? ከበደሳም፣ ከገለምሶም፣ ከመሰላም በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ይመጡ ጀመር። ቄስም ሼክም ያላጽናናውን አንጀት ኮምፒውተሯ በአንድ «ሰላም» ታርሰዋለች። የሚገቡት አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ የሚወጡት እየሳቁ።

ሳህሊቱ ለምን አላስቆመቻቸውም? እኔም ይህንኑ ጠይቄያታለሁ። እየሳቁ ሲወጡ ሳይ የራሴ ሸክም የቀለለ ይመስለኝ ነበር፣ አለችኝ።

የምን ሸክም?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንግዲህ። እነግራችኋለሁ።

እናቶቹ መምጣት ሳይጀምሩ መስዑድ የሚባል ወጣት ነበር። የመሰላ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ ንባብ ቤቱን ቤቱ አድርጎት ነበር። ያቺን ኮምፒውተር እንደ እሱ የወደዳት የለም። ሰው ሁሉ ስሙን ጽፎ ሲሄድ እሱ ቁጭ ብሎ «መሰላ እንዴት ናት?» ለሚለው ጥያቄዋ ረጅም መልስ ይጽፍላታል። ዝናብ ስለመዝነቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ እናቱ። ሳህሊቱ ትስቅበት ነበር።

የውትድርናው አፈሳ ሲጠና ደብቂኝ ብሎ ለመናት። እሷም ከንባብ ቤቱ ጀርባ ያለውን መጋዘን ከፈተችለት። የሚያነባቸው የጠፋ መጻሕፍት እስከ ጣሪያ የተከመሩበት ጠባብ ክፍል ነው። ቀን ቀን እዚያ ተኝቶ ይውላል። በር ቢንኳኳ አይከፍትም።

መቼም እኛ አገር ሰው ስሙ ሲጠራ ጠሪውን ካላየ በመጀመሪያው «አቤት» አይልም። የጠራው ምን እንደሆነ አይታወቅማ። ሦስት ጊዜ ከጠራ ግን ሰው ነው ይባላል። ሳህሊቱና መስዑድም በዚሁ ተስማሙ። ሦስት ጊዜ ስትጠራው ይከፍታል።

ከዚያ... ጀምበሩ ታፈሰ።

ጀምበሩ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሞተው እሷ ናት ያሳደገችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮው አስጠራትና ወንበር ሰጣት። አልጮኸባትም፤ አላስፈራራትም። ኮታው ሊሞላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ጎረምሳ ቢገኝ ግን ወንድሟን እንደሚለቅላት በለሰለሰ ድምፅ ነገራት። ንባብ ቤት ብዙ ጎረምሳ አይጠፋም፣ አላት።

ከራስ በላይ ነፋስ።

በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«መስዑድ» አለች።

ዝም።

«መስዑድ...»

ዝም።

«መስዑድ።»

«አቤት ሳህሊቱ» ብሎ ከፈተ። እንቅልፉን ገና አልጨረሰም ነበር። እሷን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ጠባቂዎቹን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ጀምበሩ ያን ዕለት ቤቱ ገባ። ሳህሊቱ ስለ መስዑድ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መጋዘኑንም ቆለፈችው።

ሸክሟ ይህ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ተራው ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት ገቡ። ቀጭን ናቸው፤ ሲራመዱ አይሰሙም። ከመሰላ እንደመጡና ስማቸው ኢፍቱ እንደሆነ ተናግረው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳህሊቱ የማንን ስም ልጻፍልዎ አለቻቸው።

«መስዑድ በይ፣ ኢንተላ ቲያ» አሉ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ የሰውን ሴት ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

ሳህሊቱ ሌላ መስዑድ ይሆናል ብላ የአባቱን ስም ጠየቀች። ሌላ አልነበረም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጻፈች። ከየት መጣህ ስትላት «መሰላ» ብላ ጻፈች።

ሌላ ጊዜ ጣቷን ሳታነሳ ነው መልሱ የሚመጣው። አሁን ግን ቆየ። አረንጓዴዋ ጭረት ብልጭ ድርግም... ብልጭ ድርግም...

«ሰላም መስዑድ። መጋዘኑ እንዴት ነው?»

ሳህሊቱ መልሳ መላልሳ አነበበችው። እሷ የጻፈችው መሰላ ነው። መጋዘን የሚል ቃል በዚያች ጨዋታ ውስጥ የለም።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ኢፍቱ።

«ሰላም ነው... ሰላም ነው ይላል፣ እማማ።»

እሳቸው ማንበብ አይችሉም። አልሐምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። ሲወጡም የሳህሊቱን ግንባር ሳሙት። እሷ ወንበሯ ላይ ቀረች። እኚህን ሴትዮ ልጅ አልባ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ግንባሬን ይስሙኛል እያለች ታስብ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ ገብሬን ጠርታ ያንኑ ስም በራሳቸው እጅ እንዲጽፉላት ለመነቻቸው። እሳቸውም ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ።

«ሰላም መስዑድ። መሰላ እንዴት ናት?»

ምንም የለበትም። ዓይኗ ነው እንግዲህ። ድካም ነው።

ጋሽ ገብሬ ግን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ልጅ ተመለሰ እንዴ?»

«የቱ ልጅ?»

«ከመጋዘኑ በኩል ሲያነብ ሰማሁት። ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው... እንደ ድሮው።»

ሳህሊቱ ቁልፉን ይዛ ሄደች። የመጋዘኑ ቁልፍ ቀዳዳ በሸረሪት ድር ተሸፍኗል፤ ማንም አልነካውም። ከፈተችው። መጻሕፍቱ እንደተከመሩ ናቸው። የመስዑድ ብርድ ልብስም እንደታጠፈ ነው። ዘግታ ልትመለስ ስትል ከአዳራሹ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲመቱ ሰማች።

ጣ... ጣ... ጣጣ...

ስትደርስ ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። ወንበሩ ግን ወደ ኋላ ተስቧል።

ሰንበት ብሎ የእቴነሽ ልጅ ብሩ መጣ። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ጠበቀ። ከመስዑድ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ እንደነበሩ ነገራት። መስዑድ ሰሜን በደረሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደሞተ፣ አፈር ያለበሰው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ የእናቱን ቤት ስለማያውቅ ግን መርዶውን ማድረስ እንዳቃተው ነገራት።

መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። እማማ ኢፍቱ ያን ቀን ከመምጣታቸው በፊት ነው። ብዙ በፊት።

«አንቺ ታውቂያቸዋለሽ አሉ። አንቺ ንገሪያቸው» አላት።

ብሩ ክራንቹን አንስቶ ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ታውቂያለሽ... ስም ሲጠራ በመጀመሪያው አቤት አይልም ነበር። ስንቴ ተገርፎበታል። አንድ ቀን ለምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። በሦስተኛው የምትጠራኝ አለች፣ አለኝ።»

ብሩ የሆነውን ነገር አያውቅም። የፍቅር ነገር መስሎት ፈገግ እያለ ወጣ።

ለሙስሊም እናት ልጇ ሲሞት የምታደርግለት አለ። ዱዓ ታስደርጋለች፣ ሰደቃ ታወጣለች፤ ሬሳው ሩቅ አገር ለቀረም የሚሰገድ ሶላት አለ። እማማ ኢፍቱ ይህን ሁሉ የተዉት ልጃቸው አለ ብለው ነው። አለ ያለቻቸው ደግሞ ሳህሊቱ ናት። በቁሙ አሳልፋ መስጠቷ ሳያንስ ሲሞት የሚገባውንም ከለከለችው። መንገር አለባት። ሌላ መንገድ የላትም። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ ብላ ማለች።

ቤቷ ስትገባ ጀምበሩ ምሳ አቀራርቦ ይጠብቃታል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ምን እንደተከፈለለት አያውቅም። አንድ ነገር ተናግሮ ሲስቅ አየችውና ጠላችው። ያን ዕለት የጠላችውን ያህል ማንንም ጠልታ አታውቅም። ወዲያው ደግሞ ራሷን ጠላች፤ ተነስታም ሳመችው።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

ምንም አለችው።

የገበያው ቀን ደረሰ። እማማ ኢፍቱ ለእሷ ብለው በቅል ወተት ይዘው መጡ። ሳህሊቱ ሴቶቹን ሁሉ ካስወጣች በኋላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«መጀመሪያ ልጄን» አሉ።

ስሙን ጻፈች። እባክሽ ሰላም አትበይው... እባክሽ ዝም በይ እያለች ጻፈች።

«ከየት መጣህ?» የሚለው አልመጣም።

በዚያው ቅጽበት ከጓሮ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተንተፋተፈ... ተንተፋተፈ... ቆመ። አምፖሉ ጠፋ። ጋሽ ገብሬ ቤንዚኑን ሲራገሙ ይሰማል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ ከዚያ ውጭ አዳራሹ ፀጥ ብሏል።

ኮምፒውተሯ ግን አልጠፋችም።

«ስንት ጊዜ ጠራሽኝ?»

ጠራሽኝ ነው የሚለው። ሴት ወንዱን የማትለይ የነበረችው ማሽን አሁን የምታናግራትን ለይታለች።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ኢፍቱ።

እውነቱ የሳህሊቱ አፍ ድረስ መጥቶ ነበር። እውነቱን ብትናገር ሴትዮዋ ማን ጠራው ይሉኛል ብላ ፈራች። ፍርሃቷ በለጠ።

«ሰላም ነው ይላል።»

እማማ ኢፍቱ መስታወቱን አዩ። ከዚያ የሳህሊቱን ፊት አዩ። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሳህሊቱ ወተቱን አልጠጣችውም፤ ልትደፋውም አልቻለችም፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ ቤንዚን ከከተማው ጠፋ። ጄኔሬተሩ ጓሮ ውስጥ አቧራ ለበሰ። ሳህሊቱ ደስ አላት፤ ኮምፒውተሯን በጨርቅ ሸፍና ለእናቶቹ ሁሉ ተበላሽታለች አለቻቸው። እያዘኑ ተመለሱ። ወደ ጨርቁ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር።

ግን ጀርባዋን ብትሰጥም... ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ታያለች።

አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዋን ሳለች እማማ ኢፍቱ ገቡ። ገበያ አልነበረም። ስለ ልጃቸው አልጠየቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ዝም ብለው ያዩዋት ጀመር።

ሳህሊቱ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለችም። ተነስታ ጨርቁን ገፈፈችው።

ጥያቄው እንዳለ ነው። «ስንት ጊዜ ጠራሽኝ?» አጠገቡ ጭረቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰው መልስ እስኪሰጣት ትጠብቃለች።

ሳህሊቱ ቆማ ጻፈች።

«ሦስት።»

ትንሽ ቆየና... «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። መስታወቱ ጠቆረ። ከዚያን ቀን በኋላ ያቺ ኮምፒውተር በቤንዚንም በመብራትም አልተነሳችም።

ሳህሊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። መጋዘኑን፣ ጀምበሩን፣ ሊቀመንበሩን፣ ሦስቱን ጥሪ፣ ብሩ ያወራላትን። ምንም አላስቀረችም። እማማ ኢፍቱ አላቋረጧትም።

«ይቅር ይበሉኝ አልልም» አለች በመጨረሻ። «አይገባኝም። ብቻ ዱዓ ያድርጉለት እማማ። ሞቷል።»

ሴትዮዋ የጠቆረውን መስታወት በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«እነዚያ ሴቶች... ለሞተ ሰላም አይባልም ይላሉ» አሉ። «እኛ ቀብር ስናልፍ ሰላም እንላለን፣ ኢንተላ ቲያ። ሙታንን። እነሱም ይመልሳሉ።»

ሳህሊቱ ያኔ ገባት። እማማ ኢፍቱ ልጄ በሕይወት አለ ብለው አንድም ቀን አላመኑም።

«ታዲያ ለምን ይመጡ ነበር?»

«አንቺን ለማየት ነው። ቤት ሲመጣ ስምሽን ይላል።»

ቤት ሲመጣ...

«ምሳ ይበላል» አሉ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ የሚያወሩ ያህል። «ይበላል፣ ግን ተነስቶ አይሄድም። ቀን ሁሉ ይቀመጣል። እኔ ሂድ እለዋለሁ፣ እንቢ። ሳይሄድ እንዴት ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ? የጠራሽው አንቺ ነሽ። አንቺ አሰናብቺው።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። የአሮጊት ሐዘን ነው ብላ ልትተወው ትችል ነበር። አልተወችውም። ሴትዮዋ የጠየቋት ይህን ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ ቢጠይቋትም ትሰጣቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጀምበሩ ልሸኝሽ ቢላት አይሆንም ብላ በጭነት መኪና መሰላ ሄደች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር ሁለት ፍራሽ ተነጥፏል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይ እስከ ጥጉ ድረስ ገብታለች። የሚደበቁበት ጨለማ አልነበረም።

እማማ ኢፍቱ የማሽላ ገንፎ በቅቤ ሠርተው በገበቴ አቀረቡ። ክዳን ደፍተውበት በሁለቱ ፍራሾች መሃል አስቀመጡት። ሳህሊቱን በቀኝ ባለው ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። እሳቸው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«እኔ ሳየው አይበላም» አሉ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። መንደሩ ጭር አለ።

ምንም የለም... ምንም... ሳህሊቱ የራሷን ትንፋሽ እየሰማች ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ትንሽ ትንሽ ልቧ መለስ አለ። እማማ ኢፍቱ አሳዘኗት። ምስኪን፣ ሐዘን ነው እንዲህ ያደረጋቸው ብላ ክዳኑን አነሳች።

ገንፎው ግማሹ ተበልቷል።

የጣት ዱካ አለበት። የቀረው ግማሽ፣ ቅቤው የበዛበት ግማሽ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ወደ እሷ በኩል ተገፍቷል።

ቀና አለች። ከፊት ለፊቷ ያለው ፍራሽ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል። ሰው ተቀምጦበታል።

«ብዪ» አሉ እማማ ኢፍቱ ከበሩ፣ ሳይዞሩ። «እንግዳ ሳይበላ አይነሳም።»

ሳህሊቱ እያለቀሰች ጎረሰች። አልዋጥ ቢላትም ዋጠችው።

«ሂድ መስዑድ» አለች በሹክሹክታ። «ወንድሜ እንዲተርፍልኝ ብዬ ነው... በድዬሃለሁ። እናትህን ግን ልቀቃቸው። ሂድ።»

የፊት ለፊቱ ፍራሽ ጉድጓድ ቀስ... ቀስ ብሎ ሞላ።

እማማ ኢፍቱ በሩ ላይ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ነው ለልጃቸው ያለቀሱት፤ ድምፅ አውጥተው፣ መርዶ ዛሬ እንደሰማ ሰው። ጎረቤቶች ከየቤታቸው መውጣት ጀመሩ። ሳህሊቱ እፎይ አለች። ቢያንስ ይህችን አንድ ነገር መለስኩላቸው ብላ እጇን ልትታጠብ ተንቀሳቀሰች።

አልተነሳችም።

የተቀመጠችበት ፍራሽ በጎኗ በኩል፣ ልክ ጭኗ አጠገብ... ሰው እንደሚቀመጥበት ቀስ ብሎ መስጠም ጀምሮ ነበር።